«ዕድል ነው» ላላችሁኝ ሁሉ፦ ስለ ፑዮ ፑዮ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ ፑዮ ፑዮ ስጫወት የቀረጽኳትን አጭር ቪዲዮ ለጥፌ ነበር። ለጨዋታ ያህል ነው የለጠፍኳት፤ ሙግት አልፈለግኩም። ሙግቱ ግን ራሱ መጣ። አንዱ «ቲቸር ዘንድሮ ወደ ልጅነት ተመለሱ እንዴ?» አለኝ፤ እሱስ ይሁን። ሌላዋ «ቴትሪስን ቀለም ቀብተው ነው ያመጡት» አለች። ሦስተኛው፣ ከአራት ዓመት በፊት ያስተማርኩት ልጅ፣ «ቲቸር ይሄ ጌም እኮ ዕድል ነው። ልጅ ሆኜ አጎቴ ቤት ሴጋ ላይ ተጫውቼዋለሁ። ቀድሞ የቀናው ያሸንፋል፣ በቃ» ብሎ ጻፈ። የሱ ኮሜንት ከኔ ቪዲዮ የበለጠ ላይክ አገኘ።

እሺ። በኮሜንት የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው። ይረዝማል፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ለማታውቁት፣ ጌሙ እንዲህ ነው። ወርዱ 6፣ ቁመቱ 12 ካሬ የሆነ ሳጥን አለህ። ከላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ዓይን ያላቸው፣ ጄሊ የመሰሉ ባለቀለም ነገሮች ይወርዳሉ። ስማቸው ፑዮ ነው፤ በጃፓንኛ ሲነኩት የሚርገበገብ ለስላሳ ነገርን የሚገልጽ ቃል ነው። እያዞርክ የምትፈልገው ቦታ ታስቀምጣቸዋለህ። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው 4 ሲነካኩ ይጠፋሉ። በላያቸው የነበሩት ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የወረዱት ደግሞ ሌላ ቀለም ጋር ገጥመው 4 ከሞሉ እነሱም ይጠፋሉ። ይሄ ሰንሰለት ይባላል። ከጎንህ ሌላ ሰው በራሱ ሳጥን ይጫወታል። አንተ ሰንሰለት ስትሠራ እሱ ላይ ቀለም የሌለው እንቅፋት ይዘንብበታል። ከግራ ሦስተኛው አምድ እስከ አናቱ የሞላበት አለቀለት።

አሁን «ዕድል ነው» ወደሚለው። ለሁለቱም ተጫዋቾች የሚወርደው ያው አንድ ዓይነት ነው፤ በዚያው ቅደም ተከተል። ላንተ ቀይና ቢጫ ከወረደ ለሱም ቀይና ቢጫ ይወርድለታል። እንደ ካርታ «እጄ አልቀናኝም» ማለት የለም። ሁለት ተማሪ ያንኑ የፈተና ወረቀት ተቀብለው አንዱ 90 ሌላው 30 ሲያመጣ «ፈተናው ዕድል ነበር» የሚል አይጠፋም፤ አውቃለሁ፣ በየሴሚስተሩ አገኘዋለሁ።

ሒሳቡን ደግሞ እንየው። (የማወራው ስለ ሁለተኛው ፑዮ ፑዮ ነው። ለምን «ሁለተኛው» እንዳልኩ ይመጣል።) 4 ፑዮ ብቻ ስታጠፋ የምታገኘው 40 ነጥብ ነው። አንድ እንቅፋት ለመላክ ደግሞ 70 ነጥብ ያስፈልጋል። ስለዚህ 4 አጥፍተህ ምንም አልላክህም፣ አንድ ፍሬ እንኳ። አሁን 20 ፑዮ አለህ እንበል። አራት አራቱን ለየብቻ አምስት ጊዜ ብታጠፋ 200 ነጥብ ነው፤ 2 እንቅፋት። እነዚያኑ 20 ፑዮዎች በአንድ ባለ 5 ሰንሰለት አስተሳስረህ ብታጠፋስ? ሁለተኛው እርከን በ8 ይባዛል፣ ሦስተኛው በ16፣ አራተኛው በ32፣ አምስተኛው በ64። 40፣ 320፣ 640፣ 1280፣ 2560፤ ድምሩ 4840። ለ70 አካፍሉት። 69 እንቅፋት። የተቃዋሚህ ሳጥን ስንት ካሬ ነበር? 72።

ያው 20 ፑዮ እኮ ነው! አንዱ 2 ላከበት፣ ሌላው 69 ላከበት። ይሄን ዕድል የሚል ሰው ማባዛትንም ዕድል ሊለው ነው።

ግን ለተማሪዬ አንድ ነገር ላምንለት። ልጁ አልዋሸም። ኢንቦክስ ገብቼ «የትኛውን ነው የተጫወትከው?» ስለው «ያ ወፍራሙ፣ ባለ ትልቅ ሪዙ ሰውዬ ያለበት» አለኝ። ገባኝ። የዶክተር ሮቦትኒክ ሚን ቢን ማሽን ነው። እሱ ውስጥ «ቀድሞ የቀናው ያሸንፋል» ማለቱ ከእውነት ሩቅ አይደለም። ጠቤ ከልጁ ጋር አይደለም ማለት ነው። ጠቤ «ስሙ ተቀየረ እንጂ ያው ጌም ነው» ከሚሉት ጋር ነው። ያው አይደለም፤ ታሪኩን ልንገራችሁ።

ፑዮ ፑዮን የሠራው ሂሮሺማ የነበረ ኮምፓይል የሚባል ድርጅት ነው፤ መሥራቹ ማሳሚትሱ ኒታኒ ይባላል። መጀመሪያ የወጣው በ1991 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፤ ኤምኤስኤክስ 2 በሚባል የቤት ኮምፒውተርና በኒንቴንዶ ፋሚኮም ዲስክ። ይሄ ብዙም ጩኸት አላስነሳም። በ1992 ከሴጋ ጋር ሆነው ሳንቲም እየከተቱ የሚጫወቱበት ማሽን ላይ አወጡት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ የሚፋለምበት ሆነ፤ ያኔ ነው ጃፓን ያበደችለት። በዚያው ዓመት ሜጋ ድራይቭ ላይ ወጣ፤ እኛ በደፈናው «ሴጋ» የምንለው ጥቁሩ ኮንሶል ላይ።

ያ የመጀመሪያው ጌም አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። መመለስ አይቻልም። ተቃዋሚህ 5 ሰንሰለት ከላከብህ፣ አንተ ጋ 6 ወይም 7 ተዘጋጅቶ ቢቀመጥም የመጣውን አያስቀርልህም፤ ያንተ ወደሱ ይሄዳል፣ የሱም አንተ ላይ ይወርዳል። 69 እንቅፋት 72 ካሬ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሂሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ጥሩ ተጫዋቾች በሙሉ አንድ ነገር ብቻ ያደርጉ ነበር። ሮጠው 5 መሥራትና ቀድሞ መተኮስ። ከ5 በላይ መማር ትርፉ ድካም ነው። ተማሪዬ «ቀድሞ የቀናው» ያለው ይሄንን ነው።

ኮምፓይሎች ጉድለቱን አዩት፣ በ1994 በሁለተኛው ፑዮ ፑዮ አስተካከሉት። ጃፓኖቹ «ፑዮ ፑዮ ጹ» ይሉታል፤ ቁጥር ሁለትንም፣ ነገርን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰውንም የሚያመለክት የቃል ጨዋታ ነው። ያመጡት ለውጥ ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ ማካካስ። እንቅፋት ሲላክብህ ወዲያው አይወርድብህም፤ ከሳጥንህ በላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቅሃል። የምታስቀምጠው ጥንድ ሰንሰለት ከለኮሰ፣ ያንተ ጥቃት መጀመሪያ የተንጠለጠለውን ያጣፋል። የተረፈው ወደ ተቃዋሚህ ይመለሳል። በቃ ይሄው ነው።

ይሄ አንድ ሕግ ጌሙን ሌላ ጌም አደረገው። የድሮውን የሙግት ሥርዓት ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ከሆነ፣ በልሃ ልበልሃ ማለት ነው። ከሳሽ ተነስቶ የቻለውን ይላል፤ ተከሳሽ ደግሞ ተነስቶ ይመልሳል፤ የዳኛው ጆሮ የሚያጋድለው ለመለሰው ነው፣ ቀድሞ ለጮኸው አይደለም። የመጀመሪያው ፑዮ ፑዮ አንዱ ወገን ተናግሮ ሲጨርስ ፍርድ የሚሰጥበት ችሎት ነበር። በሁለተኛው ግን 5 ብትተኩስ እሱ 6 ይመልስልሃል። 6 ለመመለስ መጠበቅ አለበት፤ ሲጠብቅ ሳጥኑ እየሞላ ነው፤ አንተ ደግሞ እየጠበቀ መሆኑን ታያለህ። ያኔ በትናንሽ 2 ሰንሰለት ትነካካዋለህ፣ ትልቁን ሳይደርስ እንዲያባክነው። እሱም ይሄን ያውቃል። የራስህን ሳጥን ብቻ እያየህ ከተጫወትክ አለቀልህ። ዓይንህ እሱ ሳጥን ላይ፣ እጅህ አንተ ሳጥን ላይ ነው መሆን ያለበት።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የኮምፒውተር ክፍሉን ለተማሪዎች ክፍት እናደርግ ነበር። አንድ ኪቦርድ ለሁለት፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። መጀመሪያ የጫንኩላቸው ሚን ቢን ማሽንን ነው፤ እንግሊዝኛ ስለሆነ ይቀላቸዋል ብዬ። ሁለት ሳምንት ሞቅ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ክፍሉ ባዶ ሆነ። ለምን? አንድ እጁ ፈጣን የሆነ ልጅ ነበር። ሁሌ እሱ ነው የሚያሸንፈው። ሌሎቹ ከሱ ለመማር ቢሞክሩም ከፍጥነት ሌላ የሚማሩት ነገር አልነበረውም። በሦስተኛው ቅዳሜ የመጣው እሱ ብቻ ነበር፣ ብቻውን ከኮምፒውተሩ ጋር ሲጫወት አገኘሁት።

ከዚያ ሁለተኛውን ጫንኩ፣ የሜጋ ድራይቩን። ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፤ ማንም አላነበበውም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። እጇ ፈጣን አይደለም። ወር ሙሉ ስትሸነፍ ከረመች፤ ግን አልቀረችም፣ እየመጣች ትሸነፋለች። አንድ ቅዳሜ ያ ፈጣኑ ልጅ እንደልማዱ 5 ተኮሰባት። 69 እንቅፋት ከሳጥኗ በላይ ተንጠለጠለ። ልጁ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ነበር፣ ጨርሻለሁ ብሎ። እሷ አንዲት ጥንድ በቀኝ ጥግ ላይ አስቀመጠች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ክፍሉ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። ስድስት ላይ ቆመ። ባለ 6 ሰንሰለት 8680 ነጥብ ነው፤ 124 እንቅፋት። 69ኙን አጣፍቶ 55 ተረፈው። መጀመሪያ 30 ወረደበት (በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ አይወርድም)፣ ቀጥሎ 25። ልጁ ያለውን ሁሉ ቀድሞ ስለጨረሰ የሚመልሰው አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ያው ልጆች ናቸው፣ ያው ኪቦርድ፣ ያው ክፍል። የተቀየረው ቅጂው ነው። በነገራችን ላይ ፈጣኑ ልጅም አልቀረም፤ እንዲያውም ጎበዝ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ባለሪዙ ሰውዬ ልመለስ። አንድ ጌም ከተሠራበት ማሽን ወደ ሌላ ሲዛወር ፖርት ይባላል። ፖርትን አልጠላም፤ አሁን ያመሰገንኩት የሜጋ ድራይቩ ሁለተኛ ቅጂም ከትልቁ ማሽን የተዛወረ ፖርት ነው። ሰው ቤት ይዞት የሚገባውን ማሽን አቅም አይቶ፣ ሕጉን ሳይነካ የተዛወረ። ንዴቴ ሌላ ነው። በ1993 ሴጋ የመጀመሪያውን ፑዮ ፑዮ ወደ ምዕራቡ ዓለም ሲወስድ ባለቤቶቹን ከውስጡ አስወጣቸው። ጃፓኑ ጌም ውስጥ የምትጫወተው አርሌ ናጃ የምትባል አስማት የምትማር ልጅ ሆነህ ነው፤ ካርባንክል የሚባል ቢጫ ጓደኛ አላት። ከየትም የመጡ አይደሉም፤ ኮምፓይል ከፑዮ ፑዮ በፊት ከሠራው ማዶ ሞኖጋታሪ ከሚባል ጌም ነው የመጡት፣ ፑዮ ራሱ እዚያ ውስጥ ተራ ጭራቅ ነበር። በሴጋ ቅጂ አርሌ የለችም። የሶኒክ ጠላት ዶክተር ሮቦትኒክ ገባ፣ ተቃዋሚዎቹ የሱ ሮቦቶች ሆኑ፣ ፑዮዎቹ ደግሞ… ባቄላ ተባሉ። ባቄላ! ቢንቪል የሚባል የባቄላ ከተማ አለ፣ ሮቦትኒክ ነዋሪዎቹን እያፈሰ ሮቦት ሊያደርጋቸው ነው። ሶኒክ ራሱ ጌሙ ውስጥ የለም፣ ስሙን ለመሸጥ ነው ሰፈሩ የተጠራው።

ይሄም ይሁን። ሰው የማያውቀውን ፊት አይገዛም ብለው ፈርተዋል፤ ነጋዴ ናቸው፣ ይገባኛል። እውነቱን ለመናገር በሮቦትኒክ ምክንያት ጌሙን ያወቀው ሰው ብዙ ነው፣ ተማሪዬም አንዱ ነው። ይቅር የማልለው የሚቀጥለውን ነው።

ሁለተኛው፣ የተስተካከለው፣ የሚመለስበት ፑዮ ፑዮ በ1994 ጃፓን ወጣ አልኩ አይደል? በ1995 ሱፐር ኒንቴንዶ ላይ ለአሜሪካ «ኪርቢስ አቫላንሽ» የሚባል ወጣ። አርሌ አሁንም የለችም፤ በቦታዋ ሮዟ ኳስ ኪርቢ ናት። (ያቺ አፍ የሌላት የምትመስል የዋህ ኪርቢ ከግጥሚያ በፊት ሰው ስትሳደብ ማየት ደግሞ የራሱ ትርኢት ነው።) ውስጡ ያለው የትኛው ሕግ ይመስላችኋል? የመጀመሪያው! መመለስ የማይቻልበት። ጉድለቱ ታውቆ፣ መድኃኒቱ ተገኝቶ፣ ጃፓን ሕዝቡ በአዲሱ እየተጫወተ፣ ለሌላው ዓለም አሮጌው በአዲስ ካርቶን ታሽጎ ተላከ። ከዚያ የውጭ ተጫዋቾች «ቆንጆ ነው፣ ግን ጥልቀት የለውም» አሉ። ምን ይበሉ ታዲያ? ጥልቀቱን ማን ላከላቸው!

ሁለተኛውን ሕግ በእንግሊዝኛ የያዘ «ፑዮ ፖፕ» በ1999 ኒዮ ጂኦ ፖኬት በሚባል የእጅ ማሽን ላይ ወጣ፤ ማሽኑን የገዛው ሰው ጥቂት ነበር። በ2002 ጌም ቦይ አድቫንስ፣ በ2003 ደግሞ ኖኪያ ኤንጌጅ ላይ መጣ፤ አዎ፣ ያ በጎኑ ጆሮ ላይ ተደግፎ የሚወራበት ስልክ። አንድ ጥሩ ጌም የማይታይበትን ቦታ እየመረጡ የደበቁት ይመስላል። ኮምፓይል ራሱ በዚህ መሀል ተንኮታኮተ፤ በፑዮ ቅርጽ ጣፋጭ እስከ መሸጥ፣ የመዝናኛ መናፈሻ እስከ ማቀድ ደርሶ ነበር፣ በ1998 ዕዳው ጠለፈው፣ የፑዮ ፑዮ መብትም ለሴጋ ሄደ። ፑዮ ፑዮ ቴትሪስ የሚባለው ጃፓን በ2014 ወጥቶ እኛ በምናነበው ቋንቋ የመጣው በ2017 ነው። በ2019 የመጣው ፑዮ ፑዮ ቻምፒየንስ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ለውድድር ብቻ የተሠራ፣ ዋጋው 10 ዶላር ገደማ፣ የሁለተኛው ሕግ ሳይነካ የገባበት፣ አርሌም በስሟ የተመለሰችበት። ሃያ አምስት ዓመት ፈጀ እንጂ።

«ቴትሪስን ቀለም ቀብተው» ላልሽኝ እህቴ ደግሞ አጭር መልስ አለኝ። ቴትሪስን አከብራለሁ፤ አሌክሴይ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ ባይሠራው ፑዮ ፑዮ አይኖርም ነበር። ግን ቴትሪስ ውስጥ ለመኖር ስትይ ታጸጃለሽ። ፑዮ ፑዮ ውስጥ ማጥፋት የምትችይውን አውቀሽ ትተዪዋለሽ። ሦስቱን ደርድረሽ አራተኛውን አታስቀምጪም፤ ሳጥንሽ እየሞላ፣ ሞት እየቀረበ፣ ገና ነው እያልሽ ትገነቢያለሽ። በቴትሪስ ከፍ ብሎ የተከመረ ሳጥን ችግር ላይ ያለ ሰው ነው። በፑዮ ፑዮ ከፍ ብሎ የተከመረ ሳጥን ሳይ እኔ ነኝ የምፈራው።

«የልጆች ጌም ነው» ላልከኝ ጓደኛዬ መልስ የለኝም። ዓይን ያላቸው ጄሊዎች ናቸው፤ ምን ልበልህ።

አንተ ደግሞ፣ የአጎትህ ሴጋ ላይ የተጫወትከው፤ ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ነኝ። ሁለት ጆይስቲክ አለኝ፣ የግራው ትንሽ ይነክሳል፣ እሱን እኔ እይዛለሁ። የምንጫወተው ሁለተኛውን ነው። ቀድመህ ተኩስብኝ፣ ግድ የለም። ተኩሰህ ስትጨርስ ግን እጅህን ከጆይስቲኩ አታንሳ።